ሞተር ቢስክሌት በደጋ አገር
ስለ ነዳጅና አየር ማመጣጠን በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር



የፊዚክስ ትምህርት የምንከታተል ተማሪዎች በዛሬው በዓል ላይ አንድ ርእስ መርጠን እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ከልብ እናመሰግናለን። የመረጥነው ርእስ የሞተር ቢስክሌት ነዳጅ አመጣጠን ነው። ስለ ጨረቃ ጉዞ ወይም ስለ አቶም ለመናገር ይቻለን ነበር፤ ነገር ግን ከትምህርት ቤታችን አጥር ውጭ በየቀኑ ጥቁር ጭስ እየተፋ የሚያልፈውን ሞተር ትተን ወደ ጨረቃ መሄድ አልፈለግንም።

እንደሚታወቀው ሁሉ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ መኪና የማይገባበት ቀበሌ ብዙ ነው። ወደዚያ የሚደርሰው በቅሎ ነው፣ ወይም ሞተር ቢስክሌት ነው። የግብርና ሠራተኛው በእርሱ ይሄዳል፤ የጤና ሠራተኛው የክትባቱን መድኃኒት በበረዶ ሣጥን አድርጎ በእርሱ ይጭናል። ሞተሩ ዳገት ላይ ቢቆም በረዶው ይቀልጣል፤ መድኃኒቱም ይበላሻል። ቤንዚኑም ቢሆን ማደያ በሌለበት ከተማ በሃይላንድ ጠርሙስ እየተለካ ስለሚሸጥ ዋጋው ከማደያው በጣም ይበልጣል። እንግዲህ የምንናገረው ስለ መጫወቻ ዕቃ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ሞተር በዳገት ሲደክም ብዙ ሰዎች «ነዳጅ አነሰው» ይላሉ። ስለዚህ ወይ የቤንዚኑን ቀዳዳ ያሰፉታል፣ ወይ ብሎኑን ወደሚያበዛው ወገን ያዞሩታል። እኛ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው እንላለን። በደጋ አገር ለሞተሩ ያነሰው አየር እንጂ ቤንዚን አይደለም። ቤንዚኑማ እንዲያውም በዝቶበታል።

ይህን ለማስረዳት ከቤታችን ወጥ ቤት እንጀምር። ከቆላ ወደ ደጋ የተዳረች ሙሽራ የባቄላ ንፍሮ በአዲሱ አገሯ ቶሎ እንደማይበስልላት ታውቃለች፤ እንጨቱ ክፉ ሆኖ አይደለም። ውሃ በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ በ3000 ሜትር ከፍታ በ90 ዲግሪ ያህል ይፈላል፤ ምክንያቱም በላዩ የሚጫነው አየር ቀለል ያለ ነው። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ያህል፣ ደብረ ታቦር 2700 ሜትር ያህል፣ ነፋስ መውጫ ደግሞ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ አላቸው፤ የጉና ተራራ ከ4000 ሜትር ያልፋል። የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል 100 ቢሆን በባሕር ዳር 80፣ በነፋስ መውጫ 70 ያህል ነው። ከተማዪቱ ስሟ ነፋስ መውጫ ሆኖ ሳለ አየር አነሳት ስንል የሚስቅብን አይጠፋም። ነፋስ ብዙ ነው፤ ነገር ግን የሚነፍሰው ቀጭን አየር ነው።

ሞተርም እንደ ሰው ይተነፍሳል። አንድ ኪሎግራም ቤንዚን በደንብ ለመቃጠል 14.7 ኪሎግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ይህ በሊትር ሲቈጠር ለ1 ሊትር ቤንዚን 11 ኪሎግራም ያህል አየር መሆኑ ነው። ይኸው አየር በባሕር ወለል 9 ሜትር ኩብ ያህል ቦታ ሲይዝ፣ በነፋስ መውጫ ከፍታ ከ12 ሜትር ኩብ አያንስም። የሲሊንደሩ ስፋት ግን በየትም አገር ያው ነው። ስለዚህ ከባሕር ዳር ነፋስ መውጫ የደረሰ ሞተር በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው አየር ከመቶ 12 ያህል ይቀንስበታል።

ካርቡራቶር ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚያደባልቅ ዕቃ ነው፤ አሠራሩም ከሽቶ መርጫ ጋር ይመሳሰላል። ፒስቶኑ ወደ ታች ሲወርድ አየር ይስባል። አየሩ በካርቡራቶሩ ጠባብ አንገት ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ይህንን ሕግ ዳንኤል በርኑሊ የተባለው የስዊስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1738 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ገልጦታል። በዚህ ጊዜ ከታች ካለው ጽዋ ቤንዚኑ መካከሏ በተበሳ በአንዲት ትንሽ የነሐስ ብሎን በኩል ተስቦ ይረጫል። የቀዳዳዋ ስፋት በፋብሪካ ተለክቶ የተበጀ ነው፤ በብዙዎቹ ላይ ቍጥሩ ተቀርጾበታል። ለዝቅተኛ አገር የተለካች ቀዳዳ ወደ ደጋ መውጣቷን አታውቅም። አየሩ ሲቀጥን ቤንዚኑ በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ለባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡራቶር ነፋስ መውጫ ሲደርስ ቤንዚኑን ከሚገባው በላይ ከመቶ 15 ያህል ያበዛዋል። በዚህ ላይ ባለቤቱ ቀዳዳውን በሽቦ ጐርጕሮ ሲያሰፋው የሚሆነውን መገመት አያስቸግርም። (ቀዳዳው ቢደፈን እንኳ በንጹሕ ቤንዚን ታጥቦ በአየር ይነፋል እንጂ በሽቦ አይነካም።)

ቤንዚን የበዛበት ሞተር በብዙ ምልክት ይታወቃል። ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ ሞተሩ ይንተባተባል፤ ከሞቀ በኋላ በሚኒሞ መቆም ያቅተዋል። ዋናው ምስክር ግን ካንዴላው ነው። ካንዴላው ተፈትቶ ሲታይ ጫፉ ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል፤ ነጭ ሆኖ ከተገኘ አንሷል፤ መቈላት እንደ ጀመረ ቡና ቀለል ያለ ቡናማ ከሆነ ልክ ነው።

እንግዲህ እንዴት ይስተካከላል? ከሁሉ በፊት የአየር ማጣሪያው ይታይ። በአቧራ የተደፈነ ማጣሪያ በደጋው ላይ ሌላ ደጋ ይጨምራል። አንዳንድ ጐበዞች ግን ሞተሩ እንዲተነፍስ ብለው ማጣሪያውን ጨርሶ አውጥተው ይጥሉታል። የእኛ አገር አቧራ ሲሊንደር እንደ ሞረድ እንደሚበላ እነርሱም አያጡትም፤ ይህን ድርጊት ምን ብለን እንደምንጠራው እናውቃለን፤ ሆኖም በበዓል ቀን አንናገረውም።

ማጣሪያው ከጸዳ በኋላ ሞተሩ በደንብ ይሙቅ። ከዚያ በሚኒሞ ጊዜ ድብልቁን የምታዘውን ትንሽ ብሎን በካቻቢቴ ቀስ ብሎ እስከ መጨረሻው ዘግቶ ስንት ዙር እንደ ነበረች መጻፍና ወደ ቦታዋ መመለስ ነው። ብሎኗ በአየር ማጣሪያው ወገን ካለች አብዛኛውን ጊዜ አየርን ስለምታዝ ስትከፈት ቤንዚኑ ይቀንሳል፤ በሞተሩ ወገን ካለች ግን ቤንዚኑን ስለምታዝ ስትከፈት ይበዛል። ይህን ልዩነት ያላወቀ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያዞር ይውላል። እያንዳንዱን ጊዜ ሩብ ዙር ብቻ እያዞሩ ሞተሩ በፍጥነትና በእኩልነት የሚዞርበት ቦታ ላይ ማቆም፣ ከዚያ ሚኒሞውን ዝቅ ማድረግ ነው።

ይህች ብሎን የምታዘው ነዳጅ በጥቂቱ ሲሰጥ ብቻ ነው። በመካከለኛ ጕዞ የሚያዘው በካርቡራቶሩ ውስጥ ከፍ ዝቅ የሚለው መርፌ ነው፤ በራሱ ላይ ያለችው መያዣ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ስትወጣ መርፌው ዝቅ ይላል፣ ቤንዚኑም ይቀንሳል። ነዳጅ ሙሉ በሙሉ ሲሰጥ የምታዘው ያቺ የነሐስ ብሎን ናት። ከባሕር ዳር መጥቶ ነፋስ መውጫ ለሚኖር ሞተር አንድ ወይም ሁለት ቍጥር ዝቅ ያለች ትበቃዋለች፤ ለምሳሌ 110 የነበረችውን በ107.5 ወይም በ105 መለወጥ ነው። ከዚህ በላይ መቀነስ አያስፈልግም።

ከዚያም መፈተን አለበት፤ በላቦራቶሪ እንደምንፈትነው ሁሉ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ያስፈልጋል። ከነፋስ መውጫ ወደ ጨጨሆ በሚወስደው መንገድ አንዱን ዳገት መርጦ፣ በአንድ ማርሽና በአንድ ዐይነት ጭነት ወጥቶ፣ ካንዴላውን ፈትቶ ማየት ነው። (ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን 70 ኩንታል ያህል የሚመዝን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጐትቱ ያለፉት በዚሁ በጋይንትና በጨጨሆ በኩል ነው። ስለ ዳገቱ የሚያማርር ሞተረኛ ይህን ቢያስብ ጥቂት ይጽናናል።)

ነገር ግን አንድ ትልቅ አደጋ አለ። አገራችን ደጋ ብቻ አይደለም። ስማዳና እስቴ ወደ ደቡብ ሲወርዱ አባይ ይደርሳሉ፤ ስማዳ በምሥራቅ በኩል በሽሎም ያዋስነዋል። ለነፋስ መውጫ በጣም ተጠብቆ የተስተካከለ ሞተር ወደ ቆላው ሲወርድ አየሩ ይወፍርበታል፤ ቤንዚኑ ደግሞ ያንስበታል። ቤንዚን ያነሰው ሞተር አይጨስም፣ አይንተባተብም፤ በዝምታ ይግላል፤ በከባድ ጭነት ከቆየም ፒስቶኑ እስከ መቅለጥ ይደርሳል። የበዛበት ገንዘብ ያባክናል፤ ያነሰበት ግን ሞተሩን ይገድለዋል። ስለዚህ ከወገዳ ወደ በረሃው፣ ከመካነ ኢየሱስ ወደ አባይ የሚመላለስ ሰው የሚያስተካክለው ለሚውልበት አገር ዝቅተኛ ቦታ ነው፤ ደጋ ሲወጣ ጥቂት ጭስ ቢያይ ይታገሠው።

ከዚህ ችግር የሚያድነው በኮምፒዩተር የሚታዘዘው የነዳጅ መርጫ ነው። ካዋሳኪ የተባለው የጃፓን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 ዓ.ም. ዜድ 1000 በተባለው ሞተሩ ላይ አውጥቶታል፤ ሃርሊ ዴቪድሰንም እ.ኤ.አ. በ1995 ዓ.ም. ጀመረው። ይህ መሣሪያ የአየሩን ግፊትና ሙቀት በየጊዜው ይለካል፤ በማርሚታው መጀመሪያ ያለው የኦክሲጅን መለኪያም የተቃጠለውን ጭስ ይመረምራል፤ በዚህ መሠረት መርጫው ለጥቂት ሺኛ ሰከንድ ይከፈታል። ጉናን ሲወጣ ራሱ ይቀንሳል፤ አባይ ሲወርድ ራሱ ይጨምራል። በህንድ አገር እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2020 ዓ.ም. ጀምሮ የጭስ ሕግ ስለ ጠበቀ አብዛኞቹ የዚያ አገር አዳዲስ ሞተሮች በዚህ መንገድ ይሠራሉ።

ክሩዘር የምንለው መቀመጫው ዝቅ ያለ፣ ለረጅም አስፋልት የተሠራ ከባድ ሞተር ቢስክሌት ነው። የክሩዘር ባለቤቶች ማርሚታውንና የአየር ማጣሪያውን በሚተነፍስ ዐይነት ሲለውጡ ቤንዚኑ ስለሚያንስ፣ በኮምፒዩተሩና በመርጫው መካከል የሚገባ ትንሽ ሣጥን ይገዛሉ፤ ከእነዚህ መካከል ፓወር ኮማንደር የታወቀ ነው። ሣጥኑ የመርጫውን የመከፈቻ ጊዜ በመቶኛ ያስረዝማል ወይም ያሳጥራል። እንዲህ ያለ ሣጥን የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው የፋብሪካው የግፊት መለኪያ ሥራውን ይቀጥል እንደ ሆነ፣ የኦክሲጅኑም መለኪያ ይነቀል እንደ ሆነ ነው። ሁለቱንም የሚያሳውር ሣጥን ለደጋ አገር አይረባም። ማርሚታውን ላልለወጠ ሰው ደግሞ ምንም ዐይነት ሣጥን አያስፈልገውም።

ታዲያ የትኛው ይመረጥ? በበኩላችን በአንድ ቀን ከደጋ ቆላ ለሚመላለሱት ለጤናና ለግብርና መሥሪያ ቤቶች የኮምፒዩተሩ መርጫ ይሻላል እንላለን፤ መሥሪያ ቤቱ ግን ብልሽቱን የሚያነብ መሣሪያና ባለሙያ ማግኘት አለበት። በአንድ ከተማ ለሚሠራ ባለ ሞተር ግን ካርቡራቶር ይበቃዋል። የመርጫው ፓምፕ ያለ ኤሌክትሪክ አይሠራም፤ ባትሪው ጨርሶ ከሞተ አብዛኛውን ጊዜ በእግር ረግጦ ማስነሣት አይቻልም። ካርቡራቶሩን ግን አንድ ካቻቢቴ ያለው ሰው በጭለማ ጫካ ውስጥም ያስተካክለዋል።

ከማቆማችን በፊት ሁለት ነገር እንጨምር። ቤንዚኑ ከነጭ ጋዝ ጋር ተደባልቆ ከሆነ የትኛውም ማስተካከያ ጭሱን አያጠፋውም። ሌላው ደግሞ ማስተካከል ብክነቱን ያስቀራል እንጂ የጐደለውን አየር አይመልስም። ዳገት ለመውጣት ኀይል የሚፈልግ ሰው ገንዘቡን ጥርሱ በዛ ባለ የኋላ ካቴና ማዞሪያ ላይ ቢያውለው ይበልጥ ይጠቀማል፤ በሜዳ ላይ ፍጥነቱ ይቀንስበታል፣ ነገር ግን በጋይንት ሜዳው የት አለና!

አንድ ካርቡራቶር ፈትተን ከነመርፌውና ከነነሐስ ብሎኖቹ በላቦራቶሪው ጠረጴዛ ላይ ዘርግተነዋል። ለማየት የምትፈልጉ ወላጆችና ወንድሞች ከምሳ በኋላ ግቡ፤ ብሎኖቹን ግን እባካችሁ በቍጥራቸው ቅደም ተከተል እንደ ተቀመጡ ተዉልን።