ሁለት ገጾች የሚነካኩበት ቦታ፦ የብስክሌትና የስኪ መሣሪያዎች አመራረጥና አያያዝ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ሙሉ ቃል)



የንግግሩ ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከተለጠፈ ጀምሮ ብስክሌትንና ስኪን ምን አገናኛቸው ብሎ የጠየቀኝ ሰው ከአንድ በላይ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ብስክሌቱ የራሳችን ነው። ኢትዮጵያ በ1956 እ.ኤ.አ. በሜልበርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችንም ልካለች፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ስኪ ግን በረዶ ይፈልጋል፤ በረዶውም እዚህ የለም። ያም ሆኖ የአዲስ አበባው ተወላጅ ሮቤል ተክለማርያም በ2006 እ.ኤ.አ. በቱሪን የክረምት ኦሊምፒክ ሰንደቃችንን ይዞ በአገር አቋራጭ ስኪ ተወዳድሯል። ከእናንተም መካከል ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ኖርዌይ፣ ወደ ስዊድን ወይም ወደ ካናዳ የሚሄድ ሰው፣ የመጀመሪያው ክረምት ሳያልፍ ጓደኞቹ ስኪ እንዲሞክር መጋበዛቸው አይቀርም። ያን ጊዜ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ ምን ይግዛ?

ሁለተኛውና ዋናው ምክንያት ሙያዊ ነው። ለሜካኒካል መሐንዲስ ሁለቱም የሰበቃ ጥያቄዎች ናቸው። በብስክሌት ሰንሰለት ላይ ሰበቃ እንዲቀንስ እንፈልጋለን፤ በፍሬኑ ላይ እንዲበዛ እንፈልጋለን፤ በአገር አቋራጭ ስኪ ላይ ደግሞ አንዱና ያው መሣሪያ በአንዱ ቅጽበት እንዲንሸራተት፣ በሚቀጥለው ቅጽበት በረዶውን ቆንጥጦ እንዲይዝ እንጠይቀዋለን። በገበያ ላይ ግን መሣሪያ የሚሸጠው በሌላ ቋንቋ ነው፤ በክብደቱ፣ በማርሹ ብዛት፣ በቀለሙ። እኔ ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። መሣሪያ ሲመረጥ በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት፣ የትኞቹ ገጾች እርስ በርስ ይፋተጋሉ፣ ማለቃቸውን በምን ዐውቃለሁ፣ ባለሁበትስ ቦታ ምን ልተካ እችላለሁ የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌለው መሣሪያ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢሆን፣ ለረጅም ጉዞ አይመረጥም።

ከሰንሰለቱ ልጀምር። ዛሬ በየብስክሌቱ ላይ የምናየውን የሰንሰለት ዐይነት፣ በ1880 እ.ኤ.አ. በማንቸስተር ይሠራ የነበረው ትውልደ ስዊዘርላንዱ ሐንስ ሬኖልድ ነው የፈለሰፈው። መሠረታዊ አሠራሩ እስካሁን ብዙ አልተለወጠም። ከአንዱ ፒን እስከሚቀጥለው ፒን ያለው ርቀት ግማሽ ኢንች ወይም 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ብስክሌተኞች «ሰንሰለቱ ተለጠጠ» ሲሉ ትሰማላችሁ፤ ብረቱ ግን አልተለጠጠም። የሆነው ነገር በየመገጣጠሚያው ያለው ፒንና ፒኑ የሚሽከረከርበት ቀዳዳ ተፋቅፍቀው ክፍተት መፍጠራቸው ነው። በአንድ መገጣጠሚያ ላይ ክፍተቱ 0.06 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ማለትም የአንዲት ጸጉር ውፍረት ያህል ሲደርስ፣ ሰንሰለቱ በጠቅላላው በ0.5 በመቶ ረዝሟል ማለት ነው።

ይህን ለመለካት ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። የተማሪ ማስመሪያ ይበቃል። አዲስ ሰንሰለት 24 መገጣጠሚያ ሲቆጠርበት 304.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 306.3 ሲደርስ የ11 እና የ12 ማርሽ ሰንሰለት የሚቀየርበት ጊዜ ነው፤ ማርሹ ከዚያ ያነሰ ከሆነ እስከ 307 ገደማ መታገሥ ይቻላል። ሚሊ ሜትር ተኩል ለምን ያስጨንቀናል የሚል ካለ፣ ምክንያቱ የረዘመ ሰንሰለት የጥርሶቹን ቅርጽ በራሱ ልክ እየሞረደ የሚሄድ መሆኑ ነው። ጥርሶቹ ካለቁ በኋላ አዲስ ሰንሰለት ብንገጥም ዳገት ላይ በኀይል ስንረግጥ ይዘላል። ስለዚህ ርካሹን ዕቃ በጊዜው አለመቀየር ውዱን ዕቃ አብሮ ያስጥላል።

በእኛ አገር ሰንሰለትን የሚገድለው ከሁሉ በላይ አቧራ ነው፤ ግብረ አበሩም ዘይት ነው። በበጋ መንገድ ላይ በዘይት የራሰ ሰንሰለት አቧራውን ሰብስቦ የመሞረጃ ሊጥ ይሠራል። አንዳንድ ጋራዦች ከመኪና ሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት በነጻ ይቀባሉ። ዘይቱ ከሞተሩ ውስጥ የተፋቀ የብረት ብናኝና ጥላሸት ይዞ የወጣ ስለሆነ፣ በነጻም ቢሆን ውድ ነው። ትክክለኛው አሠራር ቀላል ነው። ሰንሰለቱን በትንሽ ነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅ መጥረግ፣ በደንብ ማድረቅ፣ በየመገጣጠሚያው ላይ አንዳንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ማድረግ፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ እያዞሩ ዘይቱ እስኪሰርግ መጠበቅ፣ በመጨረሻም ከውጭ የቀረውን ዘይት ጠርጎ ማንሣት። ይህ የመጨረሻው ደረጃ ነው በብዙዎች የሚዘነጋው። ዘይቱ የሚያስፈልገው ከውስጥ ነው፤ ከውጭ የቀረው አቧራ ከመጥራት በቀር ሥራ የለውም። በክረምት ዝናብ ግን ውሃው ዘይቱን ስለሚያጥበው ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ማድረቅና እንደገና መቀባት ይገባል።

ስለ ጎማ በአጭሩ። በሱቅ «26» የሚባሉ ጎማዎች ሁሉ አንድ አይደሉም። በጎማው ጎን ላይ ከተጻፉት ቁጥሮች መካከል ባለሦስት አኀዙን አንብቡ፤ 559 እና 590 ሁለቱም 26 ተብለው ይሸጣሉ፣ አንዱ ግን በሌላው ቸርኬ ላይ አይገባም። ረጅም ጉዞ ከማሰባችሁ በፊት በምታልፉባቸው ከተሞች ያሉ ጎሚስታዎች የትኛውን መጠን እንደሚያገኙ መጠየቅ ከማንኛውም ካታሎግ የተሻለ መረጃ ይሰጣችኋል።

አሁን ሰፋ ያለ ጊዜ ልሰጠው ወደምፈልገው ጉዳይ፣ ወደ ፍሬን ልለፍ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዐባይ ድልድይ የሚወርደውን መንገድ ብዙዎቻችሁ በአውቶቡስ ታውቁታላችሁ። ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ጋላቢው፣ ብስክሌቱና ሻንጣው በአንድነት 90 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ በ1,000 ሜትር ቁልቁለት የሚለቀቀው ጉልበት 880,000 ጁል ያህል ይሆናል። ይህ ከሁለት ሊትር ተኩል የሚበልጥ ውሃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ እስከ 100 ዲግሪ ለማሞቅ ይበቃል። ከፊሉን ነፋስና የጎማው ሰበቃ ይወስዱታል። የተረፈው ሁሉ ሙቀት ሆኖ የሚገባው፣ ከአውራ ጣት ብዙም በማይበልጡ የፍሬን ጎማዎችና እነርሱ በሚይዙት ብረት ውስጥ ነው።

ይህ ሙቀት የት ይሄዳል? ፍሬኑ ቸርኬውን የሚይዝ ዐይነት ከሆነ ቸርኬው ይግላል፤ ከቸርኬው ሥር ደግሞ የተነፋው የውስጥ ጎማ አለ። የተለጠፈ ጎማ ከሆነ ማጣበቂያው ሊለሰልስ ይችላል፤ አየሩም ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል። ፍሬኑ የዲስክ ከሆነ ጎማው ከአደጋው ይርቃል፤ በዘይት ግፊት የሚሠራ ከሆነ ግን ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ይደርሳል። በብዙ ብስክሌቶች ላይ ያለው የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት የሚስብ ዐይነት ነው። ሳይቀየር ዓመታት ከቆየ የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል፤ ሲፈላ የሚፈጠረው እንፋሎት ደግሞ እንደ ዘይቱ አይገፋም፣ ይጨመቃል። እጅ የፍሬኑን መያዣ እስከ መሪው ድረስ ይስበዋል፣ ብስክሌቱ ግን አይቆምም። ሌላው ዐይነት በማዕድን ዘይት የሚሠራው ነው፤ ሁለቱን መቀላቀል የውስጥ ጎማዎቹን ስለሚያበላሽ በፍጹም አይደረግም። በከተማ ውስጥ ለሚጋልብና ለአሠራሩ ለሚጠነቀቅ ሰው የዘይት ፍሬን የተሻለ እንደሆነ አልክድም፤ ኀይሉ ይበልጣል፣ ጣት አያደክምም። ከከተማ ርቆ ለሚጓዝ ግን እኔ የምመርጠው በሽቦ የሚሳበውን ነው። ሽቦ ሲላላ ይታያል፣ ሲሰነጣጠቅ ይታያል፣ በኪስ ይያዛል፣ በመንገድ ዳር በአንድ መፍቻ ይቀየራል።

አጋላለቡም የመሣሪያው አያያዝ አካል ነው። ረጅም ቁልቁለትን በመካከለኛ ፍጥነት ፍሬኑን ሳይለቁ መውረድ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ነፋሱ ጥቂት ጉልበት ብቻ ይወስዳል፣ የቀረው በሙሉ ፍሬኑ ላይ ያርፋል። መንገዱ ቀጥ ያለና ባዶ ሲሆን ለቀቅ አድርጎ፣ ከመታጠፊያው በፊት ጠበቅ አድርጎ መያዝ ይመከራል። በዐባይ በረሃ ግን ከባድ መኪናው፣ ጠመዝማዛው፣ አንዳንዴም ከመንገዱ መሀል ፈቀቅ የማይለው አህያ ይህን ሁልጊዜ አይፈቅዱም። ስለዚህ መቆም አለ። በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ ወርዶ ብረቱ እስኪበርድ ጥላ ሥር መቀመጥ የደካማ ጋላቢ ምልክት አይደለም። ከመነሣታችሁ በፊት ደግሞ የፍሬኑን ጎማ ውፍረትና በቸርኬው ላይ ያለውን የማለቂያ ምልክት ተመልከቱ። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ስስ ቦይ ወይም ትንሽ ነጥብ ነው፤ ከጠፋ ቸርኬው ሳስቷል።

ስለ ብስክሌቱ አካል አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሰልባጅ ለምትገዙ፣ ብረት ከመሰበሩ በፊት ብዙውን ጊዜ ይጎብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ብየዳም ይቀበላል። አሉሚኒየም ብየዳው ልዩ ዕውቀት ይፈልጋል፤ ሙቀቱም ጥንካሬውን ይቀንሰዋል። የካርቦን አካል ድንቅ ነው፤ ነገር ግን ከውስጥ የተጎዳውን በዐይን መለየት ያስቸግራል። ታሪኩን የማታውቁትን የካርቦን ብስክሌት አትግዙ።

ወደ በረዶው እንሻገር። ስኪ ለምን ይንሸራተታል? ቀድሞ የሰውየው ክብደት በረዶውን ተጭኖ ያቀልጠዋል የሚል አስተያየት ነበር። ባውደንና ሂውዝ በ1939 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በስዊዘርላንድ ዩንግፍራዮህ በተባለው ከፍታ ላይ ጭምር በሠሩት ሙከራ፣ ዋናው ምክንያት ከሰበቃው የሚወጣው ሙቀት የሚፈጥረው ስስ የውሃ ንጣፍ እንደሆነ አስረዱ። ውጤቱ ከልምድ ጋር ይስማማል፤ ብርዱ እጅግ ሲጸና ውሃው ስለማይበቃ ስኪ በአሸዋ ላይ የሚጎተት ይመስላል። ስለዚህ የስኪው ታችኛ ገጽ ውሃ የማይወድ መሆን አለበት። የሚሠራበት ፕላስቲክ ከፌስታሉ ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው፤ ሞለኪውሎቹ ግን እጅግ የረዘሙ በመሆናቸው መፋቅን ይቋቋማል። ሰሙ በዚህ ገጽ ላይ በሙቀት ይቀባል፣ ሲበርድ ይፋቃል፣ ይቦረሻል። ሰም ያጣ ገጽ ነጣ ይላል፤ ይህ የሚታይ ምልክት ነው።

የአገር አቋራጭ ስኪ ምርጫ ግን ከሰሙ በፊት የሚወሰን ነው። ስኪው መሀሉ ወደ ላይ የጎበጠ ነው፤ ሥራውን ለመረዳት የመኪና ባሌስትራ አስቡ። በሁለት እግር ሲቆሙ መሀሉ ከበረዶው ከፍ ብሎ ጫፎቹ ይንሸራተታሉ፤ በአንድ እግር በኀይል ሲረግጡ መሀሉ ወርዶ በረዶውን ይይዛል። ባሌስትራው ለእናንተ ክብደት ከጠነከረ አይወርድም፣ እየረገጣችሁ ወደ ኋላ ትሄዳላችሁ፤ ከላላ ዘወትር ይጎተታል። ፈተናው በወረቀት ይሠራል። በደልዳላ ወለል ላይ በሁለቱ ስኪዎች ቆማችሁ ሰው ወረቀት ከእግራችሁ ሥር ይሳብ፤ መንቀሳቀስ አለበት። ክብደታችሁን በሙሉ በአንዱ ላይ ስታሳርፉ ወረቀቱ መያዝ አለበት። ሻጭ ቁመታችሁን ብቻ ጠይቆ ስኪ ቢያቀርብ፣ ወረቀት ጠይቁት።

መሀሉ ላይ የሚቀባው የመያዣ ሰም እንደ በረዶው ሙቀት ይለያያል፤ በተለምዶ አረንጓዴው ለጽኑ ብርድ፣ ሰማያዊው ለመካከለኛው፣ ቀዩ ወደ ዜሮ ለተጠጋው ነው። በስሱ ይቀባል፣ በቡሽ ይታሻል። ለጀማሪ ግን መሀሉ ላይ ጸጉራም ጨርቅ የተለጠፈበትን ስኪ እመክራለሁ። ፍጥነቱ ትንሽ ቢቀንስም በየማለዳው ቴርሞሜትር ከማንበብ ያድናል።

እዚህ ላይ የጤና ጉዳይ አለ። ለዐሥርተ ዓመታት የውድድር ሰም ፍሎሪን ባላቸው ውህዶች ይሠራ ነበር፤ ፍጥነቱ አስደናቂ ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በሰም ቀቢ ባለሙያዎች ደም ውስጥ የእነዚህን ውህዶች መጠን እጅግ ከፍ ብሎ አገኘው፤ ሰሙ በካውያ ሲቀልጥ ጭሱን ይተነፍሱት ነበርና። ውህዶቹ በሰውነትም በአካባቢም ለረጅም ጊዜ አይፈርሱም። ዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን ከ2023/24 የውድድር ዘመን ጀምሮ በውድድሮቹ ከልክሏቸዋል። አሮጌው ክምችት ግን በየቤቱ ምድር ቤት አለ፤ ከሰልባጅ ስኪ ጋር በምርቃት ሊሰጣችሁ ይችላል። ማሸጊያው ላይ ፍሎሮ የሚል ቃል ካያችሁ አትቀበሉ፤ በተለይ በተዘጋ የተማሪ መኖሪያ ክፍል ውስጥ አታቅልጡት።

ቁልቁል ለሚወርደው ስኪ ማሰሪያው ከሁሉ ይበልጣል። ጫማውን አጥብቆ መያዝ፣ እግር ሊሰበር ሲል ደግሞ መልቀቅ አለበት። የመጀመሪያውን ተግባራዊ የሚለቅ ማሰሪያ ያሰበው፣ በ1937 እ.ኤ.አ. እግሩ የተሰበረው ኖርዌይ ተወላጁ ያልማር ቫም ነበር። የስፕሪንጉ ልክ በክብደት፣ በቁመት፣ በዕድሜ፣ በጫማው ሶል ርዝመትና በችሎታ ይወሰናል፤ ከሌላ ሰው የተገዛ ማሰሪያ ለዚያ ሰው የተስተካከለ ስለሆነ በባለሙያ ሳይለካ አይታሰርም። በአስፋልት ላይ ተረግጦ ያለቀ ሶልም ይህን ልክ ያዛባዋል። እዚህም ጉዳዩ የሁለት ገጾች መነካካት ነው፤ የሶሉና የማሰሪያው። የጫማው ፕላስቲክም በመጋዘን ተቀምጦ ያረጃል፤ ሳይለበስ ዓመታት የቆየ ጫማ በመጀመሪያው ቀን ሊሰነጠቅ ይችላል።

ለሁለቱም ስፖርት የራስ ቁርን በተመለከተ ልዩነት የለም። ውስጡ ያለው ፎም የሚሠራው በመሰባበር ነው፤ አንድ ጊዜ ከተመታ አገልግሎቱን ጨርሷል፣ ከውጭ አዲስ ቢመስልም እንኳ። ከሰልባጅ ገበያ ሁሉን ብትገዙ የራስ ቁርን አዲስ ግዙ።

በጠረጴዛው ላይ ሦስት ቁራጭ ሰንሰለቶችና ማስመሪያ አሉ። አንዱ አዲስ ነው፣ ሁለቱ ከተማሪዎች ብስክሌት የወጡ ናቸው። ጥያቄ ከመቀበሌ በፊት ከፊት የተቀመጣችሁ መጥታችሁ 24 መገጣጠሚያ ቆጥራችሁ ለኩ፤ የትኛው መቀየር እንደነበረበት ንገሩኝ።