የእጅ መሣሪያ ወይስ የኤሌክትሪክ መኪና?
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ አናጢነት ነው። ርእሱን ስትሰሙ ፈገግ ያላችሁ እንዳላችሁ አይቻለሁ፤ የተቀመጣችሁባቸው ወንበሮች ግን ከሰማይ የወረዱ አይደሉም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ አገሬ ወደ ዲክሲስ በሄድሁ ጊዜ አምስት ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው የእንጨት ሥራ ሊጀምሩ ሲመክሩ ደረስሁ። ክርክራቸው አንድ ነበር፤ በሚበደሩት ገንዘብ የሚሰነጥቅና የሚልግ የኤሌክትሪክ መኪና ይግዙ ወይስ በመጋዝ፣ በመላጊያና በመሮ ይጀምሩ? «አንተ ተምረሃል፤ እስቲ ፍረድ» አሉኝ።

እኔ መኪናን ከሚንቁት ወገን አይደለሁም። ግንድ በእጅ መጋዝ ሰንጥቆ ሳንቃ ማውጣት ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው፤ አንዱ ከላይ ቆሞ ይስባል፣ ሌላው ከታች ሆኖ ሰጋቱራውን በዐይኑ ይቀበላል። አርባ ዴስክ የታዘዘውን ሰው መቶ ስልሳ እግር በእጅህ እኩል አድርገህ ላግ ማለትም ቅጣት እንጂ ምክር አይደለም። «የእጅ ሥራ ነፍስ አለው» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን መጋዙን የሚስቡት እነርሱ አይደሉም።

ነገር ግን ዲክሲስ የስንዴና የገብስ አገር ነው፤ አናጢውን የሚፈልገውም ዴስክ አዛዥ ብቻ ሳይሆን ገበሬው ጭምር ነው። ሞፈርን፣ ቀንበርን፣ ድግርንና እርፍን ተመልከቱ። ቆልማማ የሆነውን ዕቃ የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ በተፈጥሮው የጎበጠ ቅርንጫፍ ይፈልጋል፤ የእንጨቱ ጭረት ከጉብጠቱ ጋር አብሮ ስለሚታጠፍ አይሰበርም። ያንኑ ቅርጽ ከቀጥተኛ ሳንቃ በመኪና ብታወጡት ለዐይን ያማረ ይሆናል፤ ጭረቱ ግን በማጠፊያው ላይ ተቆርጧልና ማረሻው ድንጋይ ሲነካ እዚያው ላይ ይከዳል። በመጥረቢያ የተፈለጠ እንጨትም እንዲሁ በጭረቱ ይሄዳል፤ መጋዝ ግን በተሰመረለት መስመር እንጂ በጭረቱ አይሄድም። በዚህ ሥራ እንግዲህ መጥረቢያው ኋላ ቀር አይደለም፤ ትክክለኛው መሣሪያ እርሱ ነው።

ሁለተኛው ነገር ባሕር ዛፍ ነው። ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ወዲህ በአገራችን የተስፋፋው ይህ ዛፍ በግንዱ ውስጥ የተወጠረ ኀይል አለው። በክብ መጋዝ ሲሰነጥቁት የተከፈተው ተመልሶ ይገጥምና ምላጩን ይነክሰዋል፤ መኪናውም እንጨቱን ወደ ሠራተኛው ደረት ሊወረውረው ይችላል። በእጅ መጋዝ ቢሆን መጋዙ ይያዝና ይቆማል፤ ሽብልቅ ይገባበትና ሥራው ይቀጥላል። መኪናውን ለመግዛት ገንዘብ የሚቆጥር ሰው ለመከላከያውና ለሥልጠናውም መቁጠር አለበት፤ ወጣቶቹ በሒሳባቸው ውስጥ አላስገቡትም ነበር። ትልቅ ሞተር ባለ ሦስት ፌዝ መስመር እንደሚፈልግም አልጠየቁም። የደነዘዘ የእጅ መጋዝ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው በሞረድ ይሳሉታል፤ የመኪናውን ጠንካራ ጥርስ ግን ለመሳል ሌላ መኪና ያሻል።

ከሁሉ የበለጠ ያሳሰበኝ ብድሩ ነው። በዚሁ በአርሲ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967፣ ካዱ የሚባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በስዊድን ርዳታ ተቋቋመ። ዓላማው ትንሹን ገበሬ በምርጥ ዘርና በማዳበሪያ መርዳት ነበር። እርሻው ትርፍ እንደሚያስገኝ ያዩ ባለመሬቶች ግን በትራክተር ራሳቸው ማረስ ጀመሩ፤ ብዙ ጭሰኞችም ተፈናቀሉ። ጭሰኝነት የቀረው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ነው (ይህኛው 1967 በእኛ አቆጣጠር ነው፤ እንዳይምታታባችሁ)። ትራክተሩ ብረት ነውና አልበደለም፤ ልዩነቱ የመጣው የማን በመሆኑ ነው። የወጣቶቹ መኪናም ዕዳው እስኪያልቅ ድረስ ግማሽ ጎኑ የአበዳሪው ነው፤ መብራት ሲጠፋ ሞተሩ ይቆማል፣ ወለዱ ግን አይቆምም።

ታዲያ ምን አልኋቸው? ኮምባይነርን አስታወስኋቸው። የአርሲ ገበሬ ስንዴውን በኮምባይነር ለማሳጨድ ኮምባይነር አይገዛም፤ ባለኮምባይነሩን በኩንታል ይከፍለዋል። በሬውና ሞፈሩ ግን የራሱ ናቸው። እናንተም ጥሩ ጥሩ የእጅ መሣሪያ ግዙ፤ ሳንቃውን መኪና ላለው ሰው በዋጋ አሰንጥቁ፤ መገጣጠሙንና የገበሬውን ዕቃ በእጃችሁ ሥሩ። ለማሰንጠቂያ የምትከፍሉት በየወሩ ከብድሩ ክፍያ የበለጠ እንደ ሆነ ያን ጊዜ መኪናውን ግዙ፤ እኔም ከእናንተ ጋር ሆኜ አጨበጭባለሁ አልኋቸው።

አራቱ ተስማምተው በዚህ መሠረት ሥራ ጀምረዋል። አምስተኛው ግን «ሳንቃ ተሸክሜ በሰው ደጅ ወረፋ ስጠብቅ ደንበኛዬ ይሄዳል» ብሎ ተለያቸው፤ አሁን መኪናውን ለብቻው ለመግዛት ዋስ እየፈለገ ነው። ንግግሬን ሲሰማ ይቆጣ እንደ ሆነ ብዬ ላነበው ላክሁለት። የመለሰልኝ አንድ መስመር ነው፤ «ወረፋውን አንተ አልጠበቅኸውም» ይላል።