የቤት ማሞቂያን በገዛ እጅ መትከል፦ ዋጋውና ጣጣው
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ ብርድ ያወረዳቸው ያለ ማገዶና ያለ ድካም ከምድር እየፈላ የሚወጣው ፍል ውሃ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ከዚያ ወዲህ ከተማይቱ ከፍል ውሃ ርቃ በሁሉም አቅጣጫ ሰፍታለች። ሙቅ ውሃም ለአብዛኛው ነዋሪ ከምድር በነፃ የሚፈልቅ መሆኑ ቀርቶ በገንዘብ፣ በሽቦና በቧንቧ የሚገኝ ነገር ሆኗል። ገንዘቡን ለመቆጠብ ሲል ሽቦውንና ቧንቧውን ራሱ የሚዘረጋው ሰው ቁጥሩ ቀላል አይደለም። የዛሬው ንግግሬም ይህ ሰው በእርግጥ ምን ያህል እንደሚያተርፍ፣ ምንስ እንደሚያጣ ለመመርመር የታሰበ ነው።

የቤት ማሞቂያ ሲባል በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ወዲያው የሚታሰበው ክፍሎችን ሁሉ የሚያሞቅ ትልቅ መሣሪያ ነው። በእኛ ደጋ ግን ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ብርዳም በመሆኑ ቀዳሚው ጥያቄ የመታጠቢያ ውሃ ነው፤ የክፍል ማሞቅ ጉዳይ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል። እኔም በዚሁ ቅደም ተከተል እሄዳለሁ።

ወጪ ስንል ምን ማለታችን ነው?

ገዢው በሱቅ በር ላይ የሚጠይቀው የዕቃውን ዋጋ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ እውነተኛው ወጪ አራት ክፍል አለው። እነዚህም የዕቃው ዋጋ፣ የመትከያው ወጪ (ሽቦው፣ ቧንቧው፣ መደገፊያውና የእጅ ዋጋው)፣ በየወሩ የሚከፈለው የኀይል ዋጋ፣ በመጨረሻም የብልሽትና የአደጋ ወጪ ናቸው። በገዛ እጁ የሚተክል ሰው የሚቀንሰው ከሁለተኛው ክፍል የእጅ ዋጋውን ብቻ ነው፤ ሦስተኛውንና አራተኛውን ሳያውቅ ሊያበዛቸው ይችላል።

እዚህ ላይ በውጭ አገር ያለውን ልማድ እንዳለ ወደ እኛ ማምጣት እንደሚያሳስት ልብ ማለት ያስፈልጋል። የባለሙያ ሰዓት ውድ በሆነበት አገር የእጅ ዋጋው ከዕቃው ዋጋ ጋር ሊስተካከል ስለሚችል ራስን በራስ መትከል ብዙ ያተርፋል። በእኛ አገር ግን ዕቃው ከውጭ የሚመጣ ነው፤ በተለይ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የዕቃው ድርሻ ይበልጥ ከብዷል። ስለዚህ እዚህ የእጅ ዋጋን ለመቆጠብ ብሎ ዕቃውን ማበላሸት ትንሹን ለማዳን ትልቁን መጣል ይሆናል።

የጋራ መለኪያ

ማሞቂያዎችን ለማነጻጸር አንድ መለኪያ እንያዝ። አምስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ በቀን ለያንዳንዱ ሰው 30 ሊትር፣ በድምሩ 150 ሊትር፣ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ውሃ ይፈልጋል እንበል። ከቧንቧ የሚመጣው ውሃ 17 ዲግሪ ቢሆን ለማሞቅ የሚያስፈልገው ኀይል 4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ይህ መጠን በየትኛውም መሣሪያ አይለወጥም፤ የሚለያየው የሚባክነው ነው።

ይኸው 4 ኪሎዋት ሰዓት በወር 120 ይሆናል። የመኖሪያ ቤት የኤሌክትሪክ ታሪፍ ደግሞ በእርከን የተከፈለ በመሆኑ የምንጠቀመው ኀይል በበዛ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል። ታሪፉ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ተጨምሯል፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህም ለአራት ዓመት በየሩብ ዓመቱ እንዲስተካከል ተወስኗል። እንግዲህ ውሃ ማሞቂያ የቤተሰቡን ፍጆታ ወደ ላይኛው እርከን ሊያሻግር የሚችል ዋና በላተኛ ነው።

አንደኛ፦ በመታጠቢያው ላይ ወዲያው የሚያሞቀው

ከሁሉ የሚረክሰው ዕቃ ከሻወሩ ራስ ላይ የሚገጠመው አነስተኛ ማሞቂያ ነው። ውሃ አያጠራቅምምና የሚያባክነው ሙቀት የለም ለማለት ይቻላል፤ የዕለት ፍጆታው ከ4 ኪሎዋት ሰዓት ብዙም አያልፍም። በገዛ እጅ ለመትከል የሚመረጠውም ይኸው ነው፤ መፍቻና ዊንዲራይቨር ያለው ሁሉ የሚችለው ይመስላል።

ነገር ግን 5 ኪሎዋት የሚፈልግ ማሞቂያ በ220 ቮልት ወደ 23 አምፔር ይስባል። ለሶኬት የተዘረጋው 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ይህን በግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ በሰላም ሊሸከም የተዘጋጀ አይደለም። ከማከፋፈያው ሳጥን የሚነሣ ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ የራሱ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር፣ እስከ መሬት የወረደ የምድር ሽቦ፣ ከዚህም በላይ 30 ሚሊ አምፔር ሲያፈተልክ ኮረንቲውን የሚቆርጥ መከላከያ ያስፈልገዋል። እነዚህ ሁሉ ሲደመሩ የመትከያው ወጪ ከዕቃው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ርካሽ የሚያስመስለውም እነዚህን መተው ነው። እርጥብ ገላ፣ ባዶ እግርና ምድር ሽቦ የሌለው ማሞቂያ በአንድ ክፍል ሲገናኙ የሚደርሰውን ለእናንተ መዘርዘር አያስፈልገኝም።

ሌላም ጉድለት አለው። በምሽት ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ቢወርድ የማሞቂያው ጉልበት የሚወርደው በቮልቴጁ ልክ ሳይሆን በካሬው ነው፤ 5 ኪሎዋት የነበረው 3.3 ያህል ይሆናል። ሰውዬውም ዕቃው ተበላሸ ብሎ የበለጠ ጉልበት ያለው ይገዛል፤ በዚያው ቀጭን ሽቦ ላይ ይበልጥ ከባድ ሸክም ይጭናል። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. መመረቁ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ሆኖም የአገሪቱ ኀይል መብዛት በቤታችን ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ አያወፍረውም።

ሁለተኛ፦ ቦይለር

ባለ 80 ሊትር ቦይለር ውሃውን እስከ 60 ዲግሪ ቢያሞቅ፣ ከቀዝቃዛ ጋር ተደባልቆ ለቤተሰባችን የሚበቃውን 150 ሊትር ይሰጣል። 1.5 ኪሎዋት ስለሚወስድ የሚስበው 7 አምፔር ያህል ብቻ ነው፤ ለሽቦ አይከብድም። በአንጻሩ ሙቀቱን ቀኑን ሙሉ ሲጠብቅ ከ1 እስከ 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ያባክናል። ከመታጠብ በፊት ሦስት ሰዓት ያህል ብቻ የሚያበራው ሰው ከዚህ ብክነት አብዛኛውን ያድናል።

የቦይለር ጣጣ ያለው በሌላ በኩል ነው። ውሃ ሲሞላ ክብደቱ ከ100 ኪሎ ያላነሰ ነው። የብዙ ቤቶቻችን ግድግዳ ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬት ነው፤ ተራ ብሎን በልስኑ ላይ የያዘ ቢመስልም ሸክሙን ዘለግ ላለ ጊዜ አይችልም። ግድግዳውን ዘልቆ በወዲያኛው ወገን በብረት ሳህን የሚታሰር ብሎን፣ ወይም ከወለል የሚነሣ የብረት መደገፊያ ያስፈልጋል። ከጭቃ በተሠራ ቤትማ ከመደገፊያው በቀር ሌላ ምርጫ የለም።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው የሴፍቲ ቫልቩ ነገር ነው። 80 ሊትር ውሃ ከ17 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ከ1 ሊትር በላይ ይሰፋል፤ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ከተከለከለ መውጫው ያ ቫልቭ ብቻ ነው። ቤተኛው ግን ሲንጠባጠብ አይቶ ዕቃው ያፈሳል በማለት ይደፍነዋል። ሙቀት መቆጣጠሪያው አንድ ቀን ቢበላሽ ያ የተደፈነ ቦይለር በመኝታ ቤቱ ጎን የተሰቀለ ፈንጂ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈርም ቦይለሩ ባዶውን ሳለ ቢበራ ማሞቂያ ዘንጉ በደቂቃዎች ይቃጠላል፤ የተቆጠበው የእጅ ዋጋም ከዘንጉ ጋር አብሮ ይቃጠላል።

ሦስተኛ፦ የፀሐይ ማሞቂያ

በዕቃ ዋጋ ከሦስቱ ከፍተኛው፣ በወር ወጪ ዝቅተኛው ይህ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በቀን የሚያርፈውን የፀሐይ ኀይል በአማካይ 5 ኪሎዋት ሰዓት ብንወስድና ሰብሳቢው ግማሹን ቢይዝ፣ ሁለት ካሬ ሜትር ለቤተሰባችን በቂ ይሆናል። በክረምት ደመና ሲበዛ ግን በኤሌክትሪክ መደገፍ ግድ ነው። ፀሐይ ከዓመቱ ፍላጎት ሦስት አራተኛውን ብትሸፍን የሚተርፈው ኀይል 1,100 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ ስሌቱ ቀላል ነው፦ ማሞቂያው ከቦይለር የሚበልጥበትን ዋጋ፣ 1,100 በአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ተባዝቶ ለሚገኘው ገንዘብ ማካፈል ነው። የሚገኘው ቁጥር ትርፉ ወጪውን የሚመልስበት ዓመት ነው። ታሪፉ ባደገ ቁጥር ዓመቱ ያጥራል።

በመትከል በኩል አራት ነገሮች ይረሳሉ። ሰብሳቢውና ጋኑ ውሃ ሲሞሉ ከ200 ኪሎ በላይ ስለሚመዝኑ በባሕር ዛፍ ማገር ላይ በቆርቆሮ የተከደነ ጣሪያ ሳይጠናከር አይችላቸውም። ውሃው በራሱ እንዲዘዋወር በተሠራው ዐይነት የጋኑ ሥር ከሰብሳቢው ራስ በላይ ካልሆነ፣ ቀን የተጠራቀመው ሙቀት ሌሊት ተመልሶ ይፈስሳል። ከጋኑ የሚወጣው ቧንቧ ለፈላ ውሃ የማይሆን ፕላስቲክ ከሆነ ይለሰልሳል። በደብረ ብርሃንና በመሳሰሉት ከፍተኛ ቦታዎች ደግሞ ውርጭ በሚወርድባቸው ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች በሰብሳቢው ውስጥ ያለው ውሃ በርዶ የመዳብ ቱቦውን ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ለዚያ አገር የማይበርድ ፈሳሽ የሚዘዋወርበት ዐይነት ይመረጣል።

ማገዶና ከሰል

ያለ ምንም መትከያ የሚገኘው ማሞቂያ ምድጃ ነው። ሆኖም ክፍት እሳት ከማገዶው ጉልበት ለውሃው የሚያደርሰው ከ10 እስከ 15 ከመቶ ብቻ ቢሆን፣ የቤተሰባችን የዕለት ውሃ ከ6 እስከ 10 ኪሎ ደረቅ እንጨት ይፈጃል። መትከያው ነፃ የሆነው ማሞቂያ በየቀኑ የሚከፈልበት ሆኖ ይገኛል።

ክፍልን ስለ ማሞቅ

1.5 ኪሎዋት የሆነ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በምሽት አራት ሰዓት ቢበራ 6 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ይህም ቤተሰቡ በሙሉ ከታጠበበት ይበልጣል። ሙቀትን ከውጭ አየር ስቦ የሚያስገባው መሣሪያ ያንኑ ሙቀት በሲሶው ኀይል ይሰጣል፤ ነገር ግን ጋዙ ያለ ልዩ መሣሪያ ስለማይሞላ በገዛ እጅ የሚተከል አይደለም።

ለቤተኛው በእርግጥ የሚያዋጣው ሥራ ሌላ ነው። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሙቀትን ሌሊቱን ሙሉ ወደ ሰማይ ይተፋል፤ ኮርኒስ ሲገባለት በጣሪያው በኩል የሚጠፋው ሙቀት ከግማሽ በላይ ይቀንሳል። የበርና የመስኮት ስንጥቅ መድፈን፣ ወፍራም መጋረጃ መስቀል፣ ኮርኒስ መምታት ኮረንቲም ግፊትም የሌለባቸው፣ በየወሩም ሒሳብ የማይጠየቅባቸው ሥራዎች ናቸው። ከማሞቂያዎች ሁሉ ርካሹ ኮርኒስ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከዚህ ንጽጽር ጨርሶ ያወጣሁት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ዝግ ክፍል ውስጥ የሚገባ የከሰል ማንደጃ ነው። የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከደም ጋር ለመያያዝም ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይቀናዋል። ፍሙ ጭሱን ጨርሷል ተብሎ ወደ ውስጥ የሚገባበት ሰዓት ነፍስ የሚጠፋበት ሰዓት ነው። ስንጥቅ ድፈኑ ብለን ስንመክርም ይህን ማስጠንቀቂያ አብረን ካልነገርን ምክራችን ራሱ ይገድላል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ፍርድ እንዲህ ነው። ለጥቂት ሰው፣ ሽቦው በደንብ ለተዘረጋ ቤት፣ ወዲያው የሚያሞቀው ይበቃል። ለተከራየ ቤተሰብ በሰዓት የሚበራ ቦይለር ይሻላል፤ ሲለቅ ነቅሎ ይወስደዋል። በራሱ ቤት ብዙ ዓመት ለሚኖር የፀሐዩ ማሞቂያ በመጨረሻ ረካሽ ይሆናል። ለሁሉም ግን ኮርኒሱ ይቅደም።

ቤተኛው ምን ይሥራ? ግድግዳ ይብሳ፣ መደገፊያ ያቁም፣ የቀዝቃዛ ውሃውን ቧንቧ ይዘርጋ፣ በሙቀት መከላከያ ይጠቅልል። ከማከፋፈያው ሳጥን እስከ ማሞቂያው ያለውን ሽቦ፣ የምድር ሽቦውንና ሴፍቲ ቫልቩን ግን ለባለሙያ ይተው። አባቶች ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት ለቄስ ብቻ አይደለም።

ለእኛም የሚደርሰን ወቀሳ አለ። ሰው ራሱን በራሱ የሚተክለው በድፍረት ብቻ አይደለም፤ ባለሙያው መጥቶ ሥራውን ሁሉ ካልያዝኩ ስለሚል፣ ወይም የሠራውን ስለማያስረዳ ጭምር ነው። እኔ የምለምነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ እያንዳንዳችን ሌላው የተከለውን በመጠነኛ ዋጋ ለመፈተሽ ፈቃደኞች እንሁን። ሁለተኛው፣ ማኅበራችን የሽቦውን ውፍረት፣ የምድር ሽቦውንና የቫልቩን ነገር በአንድ ገጽ፣ በግልጽ አማርኛ ጽፎ ዕቃው በሚሸጥበት ሱቅ ሁሉ ያስለጥፍ። የአንድ ገጽ ወረቀት ዋጋ በዛሬው ንጽጽር ውስጥ ከቆጠርናቸው ወጪዎች ሁሉ ያነሰ ነው።