የሦስት ደቂቃ ዋጋ፦ የአውሮፕላን ማረፊያ የእሳት አደጋ አገልግሎት ሕይወትንና ንብረትን እንዴት ይጠብቃል?



የዛሬው ንግግሬ በአውሮፕላን ማረፊያ ስለሚገኘው የእሳት አደጋና የነፍስ አድን አገልግሎት ነው። ይህ አገልግሎት አብዛኛውን ጊዜ አንድም እሳት ሳያጠፋ ይውላል። ስለዚህም በጀት ለሚያጠብቅ ሰው ትርፍ ወጪ መስሎ ሊታየው ይችላል። ዋጋው የሚለካው ግን ዝግጁ ሆኖ በመገኘቱ መሆኑን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ማረፊያዎችን ለዚህ አገልግሎት ከ1 እስከ 10 በሚደርሱ ደረጃዎች ይመድባል። ደረጃውን የሚወስኑት በዚያ የሚያርፉት አውሮፕላኖች ርዝመትና የአካላቸው ወርድ ናቸው፤ የውሃው፣ የአረፋውና የተሽከርካሪው መጠንም ይህንኑ ይከተላል። የአየሩና የመንገዱ ሁኔታ መልካም ሲሆን፣ ጥሪው ከደረሰበት ቅጽበት አንሥቶ የመጀመሪያው ተሽከርካሪ የትኛውም የማኮብኮቢያ ክፍል ደርሶ አረፋ ለመርጨት ከ3 ደቂቃ በላይ ሊወስድበት አይገባም።

ጊዜው ይህን ያህል የጠበበበት ምክንያት ምንድን ነው? ነሐሴ 16 ቀን 1977 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ማንችስተር፣ አንድ ቦይንግ 737 ለመነሣት ሲያኮበኩብ የግራ ሞተሩ ፈነዳ፤ ስባሪውም በክንፉ ውስጥ ያለውን የነዳጅ ታንክ በሳው። አብራሪዎቹ በረራውን አቋርጠው አውሮፕላኑን አቆሙ፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞችም ፈጥነው ደረሱ። ያም ሆኖ ከ137 ሰዎች 55ቱ ሞቱ። አብዛኞቹን የገደላቸው ጭሱና መርዛማው ጋዝ ነበር። እንግዲህ የሠራተኛው የመጀመሪያ ተግባር መንገደኛው የሚወጣበትን መንገድ ከእሳት መጠበቅ ነው። አረፋው አስቀድሞ የሚረጨው በአውሮፕላኑ አካልና በመውጫ በሮቹ አካባቢ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ንብረትን ስለማዳን ደግሞ እኛን በቅርብ የሚመለከት ምሳሌ አለ። ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. «ንግሥተ ሳባ» የተባለው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 ለንደን ሂትሮው ያለ መንገደኛ ቆሞ ሳለ፣ ከቁጥጥር ማማው ጭስ ታየ። እሳቱ የተነሣው በአደጋ ጊዜ አውሮፕላኑ ያለበትን ቦታ ከሚጠቁመው መሣሪያ የሊቲየም ባትሪ ነበር። ሠራተኞቹ በጭስ ወደተሞላው አውሮፕላን ገቡ፤ የእጅ ማጥፊያው አልበቃ ሲላቸው የጣሪያውን ልባስ ገንጥለው ነበልባሉን በውሃ አጠፉት። አውሮፕላኑም ከወራት በኋላ ተጠግኖ ወደ ሥራ ተመለሰ።

ከዚህ ታሪክ ይበልጥ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሌላ ነገር ነው። የማረፊያው የእሳት አደጋ ኃይል በዚያ አንድ አውሮፕላን ላይ ስለተሰማራ፣ ሁለቱም ማኮብኮቢያዎች ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተዘጉ። አውሮፕላኖቹም አብራሪዎቹም ደኅና ነበሩ፤ የጎደለው ሌላ አደጋ ቢደርስ የሚደርስ ኃይል ብቻ ነበር። ያ ኃይል ሲጎድል በዓለም እጅግ ከተጨናነቁት ማረፊያዎች አንዱ ሥራውን አቆመ።

ውድ ተማሪዎች፤ ነገ ከእናንተ መካከል ዕቅድ የሚያወጡና በጀት የሚያጸድቁ ይኖራሉ። ይህን አገልግሎት ስትመዝኑ በዓመት ስንት እሳት አጠፋ ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። በእያንዳንዱ ፈረቃ የሰው ኃይሉ፣ ውሃውና አረፋው ተሟልቶ ነበርን? በ3 ደቂቃ መድረሱስ በልምምድ ተረጋግጧልን? ብላችሁ ጠይቁ።