እድርተኛ ለለቅሶ ብቻ አይገናኝ



እኛ የምንገናኘው ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ነው። ልጆቻችንማ ጭራሽ አይተዋወቁም። ነገ የሚቀባበሩት እነሱ ናቸውና፣ በዓመት አንድ ቀን ከነቤተሰባችን ዘንገና ሐይቅ ወጣ ብንል ምን ይመስላችኋል? ለእንጅባራ ቅርብ ነው፤ ከአውራ ጎዳናውም አይርቅም። እሳተ ገሞራ የፈጠረው፣ ዙሪያውን ደን የከበበው ሐይቅ ነው። አገር የሚያውቁ ሽማግሌዎች በአገውኛም በአማርኛም ለልጆቹ ያስረዱ።

ጉዞው በበጋ ይሁን፤ በክረምት ቁልቁለቱ ያንሸራትታል። ውሃው ከ160 ሜትር በላይ ይጠልቃልና ሕፃናት አይጠጉት። ፈረስ ማየት ለወደደም ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል አለለት።

ስንቁ ከየቤታችን፣ ድስቱና ብርጭቆው ከእድሩ ይሁን። የእድሩ ዕቃ አንድ ቀን እንኳ ለደስታ ይውጣ።