ቅባት የሚሻና ቅባት የማይሻ፦ ስለ ስኖውሞቢል መደበኛ ጥገና የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ



የዛሬው ርእሴ በአገራችን ጎዳና ላይ የማይታይ ማሽን ነው። ስኖውሞቢል ይባላል። ከፊቱ እንደ መሪ የሚያገለግሉ ሁለት መንሸራተቻዎች፣ ከሥሩ እንደ ቡልዶዘር ሰንሰለት የሚዞር ሰፊ የጎማ ሰንሰለት አለው፤ ነጂው እንደ ሞተር ብስክሌት ተፈናጥጦ በበረዶ ላይ ይነዳዋል። የመረጥሁት እንግዳ ስለሆነ አይደለም። ስለ ማሽን ቅባት በክፍል ውስጥ የምናስተምረው ሁሉ በአንድ አነስተኛ ማሽን ላይ ተሰብስቦ፣ ያውም በቅዝቃዜ እየተፈተነ፣ የሚታይበት የተሻለ ምሳሌ ስለማላውቅ ነው። በሰሜን ስዊድን ተማሪ ሳለሁ በአንድ ጋራዥ በረዳትነት ሠርቻለሁና፣ የምናገረው ከመጽሐፍ ብቻ የተገኘ አይደለም።

ስኖውሞቢል የመዝናኛ ዕቃ ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። በካናዳ፣ በኩቤክ ግዛት፣ ቫልኩር በምትባል ትንሽ ከተማ ይኖር የነበረው መካኒክ ዦዜፍ አርማን ቦምባርዲዬ፣ እ.ኤ.አ. በ1934 ክረምት የሁለት ዓመት ልጁ ታሞ፣ መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ፣ ሐኪም ቤት ሳይደርስ ሞተበት። በበረዶ ላይ የሚሄድ ተሽከርካሪ ለመሥራት መሞከር የጀመረው ከዚያ አስቀድሞ ቢሆንም፣ ለሰንሰለቱ አሠራር የፈጠራ መብት ያገኘው በ1937 ነው። ስኪ-ዱ የተባለውን ቀላል ማሽን ደግሞ በ1959 ለገበያ አቀረበ። ብዙም ሳይቆይ እንዲህ ያለው ማሽን በሰሜን ፊንላንድ ወደሚኖሩት የሳሚ አጋዘን አርቢዎች ዘንድ ደረሰ። አንትሮፖሎጂስቱ ፔርቲ ፔልቶ በ1973 ባሳተመው ጥናት ለውጡን በዝርዝር መዝግቦታል። ቀድሞ ሸርተቴውን የሚጎትተው አጋዘን መኖውን ከበረዶ ሥር ራሱ ቆፍሮ ይበላ ነበር፤ ማሽኑ ግን ቤንዚን፣ ዘይትና መለዋወጫ ይጠይቃል፤ ሁሉም በጥሬ ገንዘብ የሚገዛ ነው። ከሰፈሩ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ ኩሽኔታው የተሰበረበት እረኛ በእግሩ ይመለሳል፤ ወይም አይመለስም። ጥገና ስል ይህን እያሰባችሁ እንድትሰሙኝ እለምናለሁ።

ከሞተሩ ልጀምር። ብዙዎቹ ስኖውሞቢሎች ባለ ሁለት ምት ሞተር አላቸው። በመኪና ሞተር ውስጥ ዘይቱ ከታች ባለው ቋት ተጠራቅሞ ይዞራል፣ ይመለሳል። በባለ ሁለት ምቱ ግን የሚመለስ ዘይት የለም፤ ከቤንዚኑ ጋር ገብቶ ኩሽኔታውንና ፒስቶኑን ካራሰ በኋላ አብሮ ይቃጠላል። ለአሮጌዎቹ ማሽኖች ባለቤቱ ራሱ ይቀላቅላል፤ 50 ለ 1 ከተባለ ለ10 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው። በአዳዲሶቹ ፓምፕ ይመጥነዋል። እንግዲህ እዚህ ዘይት ይጨመራል እንጂ አይለወጥም። አደጋው ማለቁ ብቻ አይደለም። ዘይት በቀዘቀዘ ቁጥር ይወፍራል፤ ለሞቃት አየር የተዘጋጀ ዘይት በከባድ ቅዝቃዜ እንደ ማር ይረጋና ወደ ፓምፑ አይወርድም። ቋቱ ሙሉ፣ ጠቋሚው ደኅና፣ ሞተሩ ግን በጥማት ይነክሳል። «ወፍራም ዘይት ጥሩ ዘይት ነው» የሚለው የጋራዥ እምነት እዚያ ሰው ሊገድል ይችላል።

ኃይሉን ወደ ጎማው ሰንሰለት የሚያደርሰው ካቴና በብዙዎቹ ማሽኖች በተዘጋ ሳጥን ውስጥ በጥቂት ዘይት ይነከራል። ይህ ዘይት በየዓመቱ ይለወጣል፤ የወጣውን ሳይደፉ መመልከት ደግሞ ከመለወጡ አይተናነስም። ወተት መስሎ ከነጣ ውሃ ገብቷል። ማግኔት ባለበት ሳጥን ስስ ብናኝ ቢገኝ የተለመደ ነው፤ ስባሪ ቢገኝ ግን ጥርሱ እያለቀ ነው።

ግራሶን በተመለከተ (ጣሊያንኛው በጋራዦቻችን ስለጸና እኔም አልለወጥሁትም) ከመጻሕፍቱ አጽንዖት ትንሽ እለያለሁ። መጻሕፍቱ ሰበቃን ይቀንሳል ይላሉ፤ እውነት ነው። በመሪውና በሞላዎቹ መጋጠሚያዎች ላይ ግን ዋናው ሥራው ውሃን ማባረር ይመስለኛል። በረዶ ከማሽኑ ሙቀት ቀልጦ ወደ መጋጠሚያው ይሰርጋል፤ ሌሊት ሲረጋ መጠኑ በ9 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ማኅተሙን ይገፋል፤ ዝገት ይከተላል። ስለዚህ አሮጌው ግራሶ ወጥቶ ንጹሑ እስኪታይ ድረስ መግፋት ያስፈልጋል። ማሽኑ በታጠበ ማግስት ይህን መድገም ብክነት አይደለም።

ግራሶ የያዘ እጅ ፈጽሞ ሊነካው የማይገባ ስፍራም አለ። የስኖውሞቢል ማርሽ በጎማ ቺንጋ የተያያዙ ሁለት ፑሌጃዎች ናቸው፤ እየሰፉና እየጠበቡ ፍጥነቱን ይለውጣሉ። ቺንጋው የሚሠራው በሰበቃ ብቻ ነው። ጥቂት ቅባት ከነካው ይንሸራተታል፣ ይግላል፣ ይቃጠላል። እዚህ ጥገና ማለት ፑሌጃውን ማጽዳትና ማድረቅ ነው። ጀማሪ መካኒክ ማሽኑን በወደደ መጠን ሁሉንም ነገር መቀባት ስለሚያምረው፣ ይህን ክፍል አስቀድሜ አስተምረዋለሁ።

በጣም የምወደው ክፍል ግን ቅባቱን ከምድር የሚያገኘው ነው። የጎማው ሰንሰለት በፕላስቲክ ሐዲዶች ላይ ይንሸራተታል፤ እነዚህንም ዘይት የሚቀባቸው የለም። ቦውደንና ሂዩዝ በ1939 እንዳስረዱት፣ በበረዶ ላይ መንሸራተት የሚቻለው በአመዛኙ የሰበቃው ሙቀት ስስ የውሃ ሽፋን ስለሚፈጥር ነው። በሐዲዱም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው፤ የሚረጨው በረዶ ቀልጦ ያለሰልሰዋል፣ ያቀዘቅዘዋልም። በውሃ የሚቀዘቅዘው ሞተርም ሙቀቱን የሚያስረክበው ለዚያው በረዶ ነው። ማሽኑ በራቁት ግግር በረዶ ወይም በጠረጉት መንገድ ላይ ሲነዳ ሐዲዱ ደርቆ ይቀልጣል፤ ሞተሩም ይግላል። ለዚህ ሲባል ግግሩን እየፋቀ ዱቄት የሚረጭ የብረት ጭረት ከሥሩ ይገጠምለታል። ቅዝቃዜው እጅግ ሲበረታ ደግሞ በረዶው ለመቅለጥ አሻፈረኝ ይልና እንደ አሸዋ ይጎትታል።

የጥገና ሰሌዳዎች ሰዓትና ኪሎ ሜትር ይቆጥራሉ። ይህ ግማሽ እውነት ነው፤ ብዙ ጉዳት የሚደርሰው ማሽኑ በቆመባቸው የበጋ ወራት ነውና። ቤንዚኑ ያረጃል፤ የአየሩ እርጥበት በሞተሩ ውስጥ ጤዛ ይሆናል፤ የኩሽኔታው ኳሶች በአንድ ቦታ እንደቆሙ ይዝጋሉ። ስለዚህ ከማቆም በፊት ሞተሩ በርቶ ሳለ የመከላከያ ዘይት ጭጋግ በአየር ማስገቢያው ይረጫል፤ ቺንጋው ይወልቃል፤ የጎማው ሰንሰለት ውጥረቱ ይላላል፤ ግራሶው በመኸር ሳይሆን ወቅቱ ባበቃበት ሳምንት ይሞላል። የአየር ማስገቢያው አፍ በጨርቅ ይወተፋል፤ አይጥ ጎጆ ትሠራበታለችና። ጨርቁ መወተፉ ግን በመሪው ላይ በጉልህ ይጻፍ፤ ከወራት በኋላ ሞተሩን የሚያስነሣው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

የቀረውን ጊዜ ለጥያቄዎቻችሁ ትቻለሁ።