ሥዕልን በመስተዋት ውስጥ ስለ ማኖር



በአገራችን ሥዕልን መጋረድ የቆየ ልማድ ነው። በሳንቃ ላይ የተሣሉት ባለ መዝጊያ ሥዕሎች በጸሎት ጊዜ ይከፈታሉ፤ ጸሎቱ ሲያበቃም ይዘጋሉ። በቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ያሉትም መጋረጃ ይጋረድባቸዋል። መስተዋት ከእነዚህ የሚለየው ሥዕሉን ሳይሰውር በመጋረዱ ነው። ይሁን እንጂ ይኸው መልካም ጠባዩ ሰውን ያዘናጋል፤ መስተዋት የተገጠመለት ሥዕል ሁሉ የተጠበቀ ይመስላልና።

ለምሳሌ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን ጎብዬን እንመልከት። በራያ ቆላ በበጋ ሙቀቱና አቧራው ይበረታል፤ ዝናብ ሲጥል ደግሞ አየሩ ይረጥባል። ብራናም ሆነ ወረቀት ሲረጥብ ይለጠጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። ከመስተዋቱ ጋር ተጣብቆ የታሰረ ሥዕል መላወሻ ስለሚያጣ ይጨማደዳል። ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝም በመስተዋቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ የሚቋጥረው ጤዛ ሻጋታ ያበቅላል፤ ቀለሙንም አለስልሶ ከመስተዋቱ ጋር ያጣብቀዋል። ከዓመታት በኋላ ፍሬሙን የሚፈታ ሰው የቅዱሱን ፊት ከብራናው ተልጦ በመስተዋቱ ላይ ያገኘዋል።

ስለዚህ የሙያው ዋና ሕግ መስተዋት ሥዕልን እንዳይነካ ማድረግ ነው። በሁለቱ መካከል፣ በጠርዙ ዙሪያ፣ ከአሲድ ነጻ የሆነ ወፍራም ካርቶን ወይም ቀጭን የእንጨት ዘንግ ይገባል። በወረቀት ላይ የተሣለ ሥዕል በሙጫና በፕላስተር አይለጠፍም፤ በላይኛው ጠርዙ በኩል ብቻ በስስ ወረቀትና በስንዴ ልጥፍ ይንጠለጠላል። ጀርባው በካርቶን ተዘግቶ አቧራና ነፍሳት እንዳይገቡ ዙሪያው ይታሸጋል። ፍሬሙም ከግድግዳው ጥቂት ራቅ ብሎ ይሰቀላል፤ እርጥበትና ምስጥ በጭቃ ግድግዳ በኩል ይመጣሉና።

በመስተዋት ፈንታ ፕላስቲክ መጠቀም ቀላልና የማይሰበር ቢሆንም፣ ሲወለወል ብናኝ የሚስብ ኃይል ስለሚያድርበት የሚረግፍ ቀለም ላለው ሥዕል አይስማማም። ተራ መስተዋትም ቢሆን ቀለም የሚያደበዝዘውን ብርሃን አያግድም። ቤተ መዘክሮች በወረቀትና በብራና ላይ ለተሣለ ሥዕል የሚፈቅዱት ብርሃን 50 ሉክስ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ በመስኮት ትይዩ መስቀል አይገባም።

ባልደረቦች ቀድሞ የታሰሩትን ፍሬሞች ክረምት ሳይገባ ቢመረምሩ መልካም ነው። ቀለሙ ከመስተዋቱ ጋር ተጣብቆ ከተገኘ ግን በኃይል መለየት አይገባም፤ እንዳለ ጠብቆ ለጥገና ባለሙያ ማድረስ ይበጃል። የቀጭን ዘንግ ዋጋ ጥቂት ነው፤ የተላጠ ፊት ግን በምንም ዋጋ አይመለስም።